አራተኛው እግር

ሰው ሁሉ በሆዱ የሚንቀው አንድ ሙያ አለው። አንዱ ሾፌሩን እያየ «ይሄማ መሪ ማዞር ነው» ይላል፤ ሌላው ፀጉር አስተካካዩ ፊት ተቀምጦ መቀሱን መቀማት ያምረዋል። እኔ የናቅሁት አናጺነትን ነው። ምን አለው? እንጨት ይቆረጣል፣ ይበሳል፣ ይገጠማል። ጌታችንስ ያደገው በአናጺ ቤት አይደለም እንዴ?

ነገሩ የጀመረው የቤት ለቤት ጸሎቱ ተራ እኛ ዘንድ ሲደርስ ነው። እዚህ ሴቻ፣ የሰፈራችን አማኞች ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በየቤቱ እየዞርን እንጸልያለን። እኔና ምህረት ከተጋባን ወዲህ እንግዳ ስንቀበል የመጀመሪያችን ነበር፤ ጠረጴዛ ደግሞ የለንም። ምህረት ሲቀላ ገበያ ወርደን አንድ እንግዛ አለችኝ። እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። በለፈለፉ ባፍ ይጠፉ ነውና፣ «ባል እያለሽ ጠረጴዛ ትገዣለሽ?» አልኳት። ትንሽ አየችኝና፣ «እሺ። በሰው ፊት ከወደቀ ግን እኔ አላውቅህም» አለች። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም።

ገበታው ጥሩ የዋንዛ ሳንቃ ነው። ስልኬ ላይ አንድ ፈረንጅ እያፏጨ የሚሠራውን እኔ ከቢሮ መልስ እያቃሰትኩ ሠራሁት። ምስማር አልነካም አልኩ፤ ምስማርማ ማንም ይመታል! ሐሳቤ ሳንቃውን በየማዕዘኑ በመሮ በስቼ፣ የእግሮቹን ጫፍ እዚያ ውስጥ መሰካት ነበር። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሦስቱ እግሮች ግጥም ብለው ገቡ። ሦስተኛው ላይ ስደርስማ ራሴን «ኢንጂነር» ብዬ ጠርቼዋለሁ።

አራተኛው መንገድ ላይ ቆመ። ጣት የምታህል ሲቀረው አልገባም አለ። በመዶሻ ስመታው ሳንቃው ሲጥ ሲጥ ይላል፤ እሰነጥቀዋለሁ ብዬ ተውኩት። ጠረጴዛውን ሳቆመው አራተኛው እግር ከወንድሞቹ ረዝሞ፣ ወደ ውጭ ገደድ ብሎ፣ በነኩት ቁጥር ይወዛወዛል። ትንሽ ቢገፉት ይነቀላል። ምን ይደረግ? ስብሰለሰል ከሰዓት ሆነና የእንግዶቹ ድምፅ ከበር ተሰማ። የጠረጴዛ ልብስ አለበስኩት። የጠረጴዛ ልብስ የተፈለሰፈው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ምህረት ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ሙዙን፣ ቴርሞሱንና ከጎረቤት የተዋስነውን ብርጭቆ ሁሉ ደረደረችበት።

ጸሎቱን የሚመሩት ጋሽ ዘለቀ ናቸው። የኦቾሎ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ሸማ ሲሸምኑ ኖረው አሁን እዚህ ልጃቸው ዘንድ ተቀምጠዋል። ማግ ሲያጠብቅ የኖረ ክንድ ግን ጡረታ አያውቅም። ጋሽ ዘለቀ መንፈስ ሲነካቸው ፊታቸው ያለውን ነገር ይደበድባሉ። ይህን የማያውቅ የለም፤ ብልህ ባለቤት ዕቃውን ቀድሞ ያሸሻል። እሳቸው ታዲያ የት ቢቀመጡ ጥሩ ነው? ልክ አራተኛው እግር አጠገብ!

«እንጸልይ» ሲባል ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። እኔ አልጨፈንኩም። ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ያለው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አይጸልይም። ጋሽ ዘለቀ በቀስታ ጀመሩ። ስለ ዝናቡ ለመኑ፣ ስለ ሙዝ ገበሬው ለመኑ። ሥራ ስላጡት ተመራቂዎች ሲደርሱ ድምፃቸው ከፍ አለና፣ «ጌታ ሆይ!» ብለው ጠረጴዛውን በቡጢ አሉት። ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። እኔ ሳላስበው በጉልበቴ ሥሩ ገብቼ፣ እግሩን በሁለት እጄ አቅፌ ቀጥ አድርጌ ያዝኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል የሚባለው? አልለቀቅሁም።

«ይህን ቤት አጽናው!» ይላሉ ከላይ። ድም! «አጽናው፣ አባት ሆይ!» እላለሁ ከታች። በሕይወቴ እንደዚያ ከልቤ ጸልዬ አላውቅም። ድም! እግሩ እጄ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። ለካ የፈለገው አንዱ ቀጥ አድርጎ እንዲይዘው፣ ሌላው ከላይ እንዲመታለት ኖሯል! «አጽናው!» ድም! ሽቅብ ሄደና ግጥም አለ። እስከ መጨረሻው ገባ! «ሃሌሉያ!» ብዬ ጮህኩ፤ ቤቱም ተከትሎኝ «ሃሌሉያ!» አለ።

ላብ በላብ ሆኜ ከሥሩ ስወጣ ሰው ሁሉ ያየኛል። ጋሽ ዘለቀ «ወድቆ የሚጸልይ ወጣት ካየሁ ቆየሁ» ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። ምህረት ብቻ የምታየው ጠረጴዛውን ነው። መጥታ ጥጉን ጫን አለችው፤ አልተነቃነቀም። ሻይ የምትቀዳ መስላ በወገቧ ገፋ አደረገችው፤ ንቅንቅ የለም። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት፣ ጮክ ብላ፣ «ባሌ ነው የሠራው» አለች። ደስታዬን በምን ልንገራችሁ? የሻይ ብርጭቆ ይዤ ቆሜ ፈገግታዬን የማደርግበት አጣሁ።

ሰው ሲበታተን ጋሽ ዘለቀ ገበታውን በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ ለእሳቸውም እንዲህ ያለ እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። «በደስታ» አልኳቸው። «ገበታውንና እግሮቹን አዘጋጅቼ ይዤ እመጣለሁ። የምገጥመው ግን በጸሎት ቀን፣ እርስዎ ባሉበት ነው።»

ጋሽ ዘለቀ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው፣ «ያለ ጸሎት እግር እንኳ የማይገጥም አናጺ! በዚህ ዘመን!» እያሉ መረቁኝ። እኔም «አሜን» አልኩ፤ እውነታቸውን ነዋ።