መርምረው የማይገዙት ሚስተር ሃቶ

የጠመንጃ ሱቅ ያለ ጥይት ሊከፈት ይችል ይሆናል፤ ያለ መርማሪ ግን ተከፍቶ አያውቅም። መርማሪ ስንል መንግሥት የሚልከውን ማለታችን አይደለም፤ እሱ ቢመጣ በዓመት አንዴ ነው። ይኸኛው ማንም ሳይልከው በየቅዳሜው ይመጣል፣ ይመረምራል፣ አይገዛም።

ምሥራቅ ቴክሳስ ውስጥ፣ በዊሎ ቤንድ ከተማ፣ ለዊሊን ስትሪክላንድ ሱቅ የደረሱት መርማሪ ክቡር ሚስተር ዴልመር ሃቶ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነው። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ጆሯቸው ግን አብሯቸው አልወጣም። የላላ ብሎን ከመንገድ ማዶ ይሰማሉ። ጠዋት ልክ በሦስት ሰዓት በሩን ይገፉና ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እስቲ ያንን አውርጂልኝ" ይላሉ።

"ያ" ማለት አንዱ ጥይት ሲወጣ ሌላውን ራሱ የሚያጎርስ፣ ሰደፉ የዋልነት እንጨት የሆነ፣ ግማሽ አውቶማቲክ የአደን ጠመንጃ ነው። ሚስተር ሃቶ ስድስት ዓመት መርምረውታል። ስድስት ዓመት ሳይሸጥ የቆየውም በእሳቸው ጦስ ነው ብላ ዊሊን ትምላለች።

ሥርዓቱ አይዛነፍም። መጀመሪያ የጥይት ካዝናውን ያወጣሉ። መዝጊያውን ወደ ኋላ ስበው ውስጡ ጥይት አለመኖሩን በዓይናቸው ያያሉ፤ ዓይናቸውን ስለማያምኑት ደግሞ ትንሿን ጣታቸውን ይልካሉ። ቀጥሎ ከደረት ኪሳቸው የእጅ ባትሪ ይወጣና ጥይቱ የሚያልፍበት ቱቦ ውስጡ ይታያል። ካዝናው ተመልሶ ይገባና ይነቀነቃል። ከዚያ ጠመንጃውን ወደ ባዶው ግድግዳ አዙረው ትከሻቸው ላይ ያስደግፉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ሲገልጡ ማነጣጠሪያው ፊት ለፊታቸው ካልተገኘ ሰደፉ በልካቸው አልተሰፋም ማለት ነው። በመጨረሻ ምላጩን ቀስ እያሉ ሲስቡ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ አብሯቸው ይይዛል።

"ህም" ይላሉ። "ብረት አይዋሽም።"

"ታዲያ ልጠቅልልዎት፣ ሚስተር ሃቶ?"

"ምን አስቸኮለሽ? ናዲንን እንኳ ሦስት ዓመት አጥንቼ ነው ያገባሁ።"

"ይኼ እኮ ስድስት ዓመቱ ነው።"

"ናዲን ትከሻ አትመታማ!"

የራሳቸውን ብቻ ቢመረምሩ ምናለበት። አንድ ጊዜ አንድ የጥርስ ሐኪም ከታይለር ከተማ መጣና መብራት፣ መነጽር፣ እግርና እጀታ የተሰካካበትን ጠመንጃ አነሣ። ሚስተር ሃቶ እንደ አባት ጠጋ ብለው፣ "በዚህ ምን ልታድን ነው፣ ልጄ?" አሉት።

"የዱር አሳማ።"

"ተኩሰህ ነው ወይስ ላዩ ላይ ጥለህበት?"

ሐኪሙ ባርኔጣ ብቻ ገዝቶ ሄደ። ዊሊን በፈገግታ ሸኘችው፤ በሩ ሲዘጋ ፈገግታውም አብሮ ሄደ።

ነገሩ የፈነዳው በሐምሌ፣ ኮይ ሌድቤተር የሚባለው የሀብሐብ ገበሬ በጭቃ ቡትስ የመጣ ቅዳሜ ነው። የዱር አሳማዎች በአንድ ሳምንት እርሻውን ግማሹን ጨርሰውታል።

"ሚስ ዊሊን፣ ያለ ማረሻ አረሱልኝ እኮ! በዚያ በአሮጌው ጠመንጃ አንዱን መትቼ ሌላ እስካጎርስ ሃያው ጫካ ይገባል። ራሱ የሚያጎርስ ስጪኝ። ዋጋው የማይጎዳኝ ይሁን፤ ዛሬውኑ ይሁን። ነገ ማለዳ ሚስቴ ጁን እርሻው ዳር ትቀመጣለች። ከእኔ ይልቅ እሷ ናት ዒላማ የምትመታው።"

ዊሊን ያገለገለ ግን የሚያምር ግማሽ አውቶማቲክ ነበራት፤ ወንድሟ ራንዳል ሽጭልኝ ብሎ ያስቀመጠው። ኮይ አይቶ ወደደው፤ የጠመንጃ መግዣ ፎርሙንም መሙላት ጀመረ። ይኼን ጊዜ ሚስተር ሃቶ እጃቸውን ዘረጉ።

"እስቲ ልየው።"

ካዝና፣ መዝጊያ፣ ትንሿ ጣት። ከዚያ ባትሪው በራ። ባትሪውም አልጠፋ፣ እሳቸውም ቀና አላሉ። ጠመንጃውን አዙረው በሌላኛው ጫፍ አዩ። ህም አላሉም።

"ቱቦው መሀል ላይ እንደ ጥላ ያለ ቀለበት አለ። አብጧል። አፉ ተደፍኖ ተተኩሶበታል፤ ሊፈነዳ ይችላል። ይኼንን አትግዛ፣ ልጄ።"

"ሚስተር ሃቶ፣ የወንድሜ ጠመንጃ ነው!" አለች ዊሊን።

"ወንድምሽን መቼ መረመርኩ?"

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ዊሊን የስድስት ዓመቱን ሁሉ በአንዴ አወጣችው።

"እርስዎ እኮ በስድስት ዓመት አንዲት ጥይት አልገዙኝም! ሰው ሊገዛ ሲል ያባርራሉ፤ ራስዎ አይገዙ! ይኼ ሱቅ ነው እንጂ የጡረተኛ መዋያ አይደለም። በቃ፣ ይውጡልኝ!"

ሚስተር ሃቶ ጠመንጃውን እንደ እንቁላል ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስተኙት። ባርኔጣቸውን አደረጉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው ኮይን ብቻ፣ "ባለቤትህ እንዳትተኩስበት" አሉትና ወጡ።

ኮይ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። ዊሊን አሁን ሽማግሌውን ውሸታም አድርጋ ማሳየት ፈለገች። ጠመንጃውን ፈታች፣ መወልወያ ዘንጉ ጫፍ ላይ ጨርቅ አጥብቃ ጠቀለለችና ቱቦው ውስጥ ገፋች። ጨርቁ ጠብቆ፣ እየታገለ ሄደ፤ ሄደ። መሀል ላይ ሲደርስ እጇ በድንገት ቀለላት። ጨርቁ ላልቶ ነበር። አንድ ጣት ያህል እንደላላ አለፈና እንደገና ጠበቀ። ወደ ኋላ ሳበችው፤ እዚያው ቦታ ላይ ያው ሆነ።

ፎርሙን ከኮይ እጅ ወስዳ ቀደደችው። ለነገ ማለዳ የራሷን ጠመንጃ ከጓዳ አምጥታ አዋሰችው። ከዚያ ለራንዳል ደወለች። ራንዳል መጀመሪያ ካደ፤ ኋላ፣ አፈሙዙ ጭቃ ውስጥ ተሰክቶ ሳያጸዳው አንድ ጊዜ ብቻ መተኮሱን አመነ። "ምንም አልሆነም እኮ" አላት። ምን እንዳለችው አይጻፍም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሆነ፤ በሩ ዝም አለ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ገበያተኛ ጠመንጃ አንሥቶ ዙሪያውን ያይና፣ "ሽማግሌው የሉም እንዴ? እንግዲያው ሲመጡ እመለሳለሁ" ብሎ ይሄዳል። ዊሊን ይቅርታ ልትጠይቅ ስልክ ታነሣለች፤ ከአፍ የወጣ ቃል አፋፍ ሆነባትና መልሳ ታስቀምጣለች።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ የመጡት ናዲን ሃቶ ናቸው። የፒካን ለውዝ ኬክ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

"ዊሊን፣ የኔ ልጅ፣ ምን ብትይው እንደሆነ አልጠይቅሽም። ግን ሰውየውን ውሰጂልኝ። ፍሪጁን በባትሪ መረመረው። የማጠቢያ ማሽኑ ይንቋቋል ብሎ ፈታው። እሁድ ዕለት የፓስተሩን ስብከት 'መሀሉ ላይ ላልቷል' አላቸው፣ ፊት ለፊት! ዛሬ ጠዋት ደግሞ ዝም ብሎ ሲያየኝ አረፈደ።"

ዊሊን ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ። "ጨርቅ አስገብቼ አይቻለሁ፣ ልክ ነበሩ፣ አጥፍቻለሁ ብላለች ይበሉልኝ" አለች።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተገፋ። ሚስተር ሃቶ የእሁድ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ለፎርሙ መታወቂያ የሚሆነውን መንጃ ፈቃዳቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። ባትሪው ኪሳቸው ውስጥ የለም።

"ያንን የዋልነቱን ልገዛው ነው" አሉ፣ ወለሉን እያዩ። "እውነትሽን ነው። ሰው ሱቅ ውስጥ ስድስት ዓመት በነጻ አይቆምም። ፎርሙን አምጪ።"

የዊሊን እጅ ወደ መሳቢያው ሄደ፤ እዚያው ቀረ። ይኼንን ቀን ስንት ጊዜ ተመኝታ ነበር! አሁን ግን የታያት ጠመንጃው የወረደበት ባዶ ግድግዳና ማንም የማይገፋው በር ነው።

"አይሸጥም" አለች።

"ለምን?"

"ምርመራው አላለቀም።"

"እኔ ጨርሻለሁ።"

"እኔ አልጀመርኩም። የራሴ ወንድም ያበጠ ቱቦ ሲያሸክመኝ ያላየሁ ሴት ነኝ። ባትሪ እዚህ አለ። ከየት ነው የሚጀመረው?"

ሽማግሌው መንጃ ፈቃዳቸውን ኪሳቸው ከተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ከካዝናው" አሉ።

በዚያው ሳምንት ዊሊን ሌላ ሰው ዓይኑን እንዳይጥልበት ብላ ጠመንጃው ላይ "ተሽጧል" የሚል ወረቀት አንጠለጠለች። ሚስተር ሃቶ ሲመጡ አዩትና ፊታቸው ጠቆረ።

"ለማን?"

"ለአንድ ሰው።"

"ታዲያ መጥቶ አይወስድም?"

"ገና እየመረመረው ነው" አለች ዊሊን፣ ጠመንጃውን አውርዳ እያቀበለቻቸው።

ሚስተር ሃቶ ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋ አደረጉና፣ "ሰውየው ጅል አይደለም" አሉ።