ወደ ግራ የምትጎትተው መኪና

የመኪና ሕመም እንደ ሰው ሕመም አይደበቅም። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ደረቱን ሲወጋው ለሚስቱ ትንፍሽ የማይል ወንድ የመኪናውን ሞተር ማንኳኳት ግን ለማያውቀው ሰው ሁሉ ይዘረዝራል። ልቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ስለ ፍሬን ያወራል። ሐኪም ቤት ሂድ ቢሉት «ምን ሆንኩና?» ብሎ ይቆጣል፤ መኪናው ትንሽ ካሳለች ግን ሥራውን ጥሎ ከጋራዥ ጋራዥ ይዞራል። አልፈርድበትም። መኪና ቢያንስ መለዋወጫ አላት።

ታላቅ ወንድሜ ማቴዎስ እንዲህ ካሉት ወንዶች አንዱ ነበር። አባታችን በጊዜ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ እኔም ጋሼ ነው የምለው። ዕድሜውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌርነት ጨርሶ ጡረታ ሲወጣ አንዲት ነጭ አሮጌ መኪና ገዛና ሀና ማርያም ግቢው ውስጥ አቁሞ እንደ ሙሽራ ይንከባከባት ጀመር። ባለቤቱ አስቴር ጠዋት ጠዋት በመስኮት እያየችው «እኔን እንዲህ አጎንብሶ አይቶኝ አያውቅም» ትል ነበር።

ታዲያ ባለፈው ክረምት ይቺ መኪና ወደ ግራ መጎተት ጀመረች። መጀመሪያ የግራ ስፖኪዮዋ ከገዛ ግቢው በር ጋር ተላትሞ ተሰበረ፤ በሩ ጠቦ ነው ተብሎ እንዲሰፋ ተደረገ። ቀጥሎ የግራ በሯ ተፋቀ። አንድ እሁድ ደግሞ ባልና ሚስት ከጸሎት ቤት ሲመለሱ፣ ሀይሌ ጋርመንት አጠገብ ከፊት ለፊት ከሚመጣ ገልባጭ መኪና ለጥቂት ተረፉ። ጋሼ መኪናዋን ከሰሰ፤ ሁላችንም አመንነው። ዕድሜ ልኩን ሰው ሳይነካ የነዳን ሾፌር ማን ይጠረጥራል? ወንጌላውያን ናቸውና የጸሎት ኅብረታቸው ግቢ ድረስ መጥቶ፣ ኮፈኗ ላይ እጅ ጭኖ ጸለየላት። አትሳቁ፤ እኔም ቆሜ አሜን ብያለሁ። ጸሎቱ ጥፋት አልነበረበትም። እጁ የተጫነበት ቦታ ነው የተሳሳተው።

«አላይመንቷ ተዛብቷል፤ አብረን እናስተካክላት» ብሎ ሲደውልልኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከጎፋ ተነስቼ ሄድኩ።

ጋራዡ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ሰይፉ የሚባል ወፈር ያለ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ባለሙያ ተቀበለን። መኪናዋን ማንሻው ላይ አውጥቶ በአራቱም ጎማዎቿ ላይ መለኪያ ገጠመና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ጎማዎቹ ወዴት እንዳዘነበሉ ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ የተዛባው ቀይ፣ የተስተካከለው አረንጓዴ ነው። ከፊት ጎማዎች አንዷ ለአመል ያህል ቀልታለች። ሰይፉ ከሥር ገብቶ ብሎኑን ፈታ፣ አጠበቀ፣ መሪዋን አቃና። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ጋሼ እጁን ወደኋላ አጣምሮ እፎይ አለ። ለዚህች ቅጽበት ስል ጋራዥ እወዳለሁ፤ ሌላ ምን ቦታ ነው ችግራችሁ ዓይናችሁ እያየ አረንጓዴ የሚሆነው?

ለሙከራ ወጣን። መጀመሪያ ሰይፉ ነዳ። ሜዳ መንገድ ላይ ሲደርስ እጁን ከመሪው ላይ አነሳ፤ መኪናዋ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ቀጥ ብላ ሄደች።

«አሁን እርስዎ ይሞክሯት፣ አባባ» አለ።

ጋሼ ገባ፤ ሰይፉ አጠገቡ፣ እኔ ከኋላ። ብዙም አልሄድንም፤ መኪናዋ ቀስ እያለች፣ ማንም ሳይቸኩል፣ ወደ ግራ ማዘንበል ጀመረች። የመንገዱን መሃል አለፈች። ሰይፉ መሪውን ይዞ መለሳት። በግራችን ታክሲ ቆሞ፣ ሾፌሩ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ ይሳደባል። ጋሼ አንገቱን እንኳ አላዞረም።

«አየህ?» አለ ለሰይፉ። «አሁንም ትጎትታለች። ማሽናችሁን አሠሩት።»

ሰይፉ በመስታወቱ ውስጥ እኔን አየኝ። «መኪናዋ ደህና ናት» አለ ቀስ ብሎ፤ ለማን እንደተናገረ ገባኝ። እኔም ከኋላ ሆኜ የጋሼን እጆች አይቼ ነበር። መኪናዋ አልጎተተችም። እነሱ ናቸው የወሰዷት።

ቤት ስንደርስ አስቴር ምሳ አቀረበች። ጋሼ ከሳህኑ የቀኙን ግማሽ በላና «ወጡ አለቀ እንዴ?» አለ። የግራው ግማሽ አልተነካም። አስቴር ሳህኑን አዞረችለት፤ መብላቱን ቀጠለ። ማድ ቤት ተከትያት ገባሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ሳህን የምታዞሪለት?»

«እንጃ» አለች። «ዕድሜ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

እንዲህ ነን እንግዲህ። አንዷ ሳህን ታዞራለች፣ ሌላው የግቢ በር ያሰፋል፣ ሌላው መኪና ያሠራል። የምንወደው ሰው እንዳይታመም እያንዳንዳችን በየፊናችን እንተባበራለን።

ሐኪም ቤት የወሰድነው መንጃ ፈቃድ ለማሳደስ የዓይን ምርመራ ያስፈልጋል ብለን ነው። ዓይኑ ደህና ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ጭንቅላቱን ራጅ ተነሳ። ሐኪሟ እኔንና አስቴርን ለብቻ ጠርታ አስቀመጠችን። «በቀኝ በኩል አንጎላቸው ላይ ዕጢ አለ» አለች። «በግራቸው ያለ ነገር ለእሳቸው የለም። አያዩትም ብቻ ሳይሆን እንደጎደለም አያውቁም።» ቀዶ ጥገና አይቻልም፤ የጨረር ሕክምና ምናልባት ጊዜ ያራዝም ይሆናል። አስቴር ስለ ተአምር ጠየቀቻት። ሐኪሟ ወረቀቶቿን አስተካከለች።

ቁልፉን ለእኔ ለመስጠት አልተከራከረም፤ ይህ ከሐኪሟ ቃል በላይ አስፈራኝ። ወደ ሕክምናው የማመላልሰው እኔ ሆንኩ፤ እሱ ከፊት በቀኜ፣ አስቴር ከኋላ። ማወቅ ያለባችሁ ነገር፣ ጋሼ እኔ ስነዳ ዝም ብሎ ተቀምጦ አያውቅም ነበር። ፍሪሲዮን ቀድመህ ልቀቅ፣ ጉድጓዱን አትከተል፣ ማን ነው እንዲህ ያስተማረህ፤ ያስተማረኝ ራሱ ነው። አሁን ግን ከሀና ማርያም እስከ ሐኪም ቤት ቃል አይወጣውም። አንድ ቀን ስንመለስ ዝምታው ከበደኝና፣ ይቆጣኝ ብዬ ሆን ብዬ ማርሹን አንገጫገጭኩት። ሁለተኛም አንገጫገጭኩት።

ጋሼ ወደ አስቴር ዞር ለማለት ሞከረ። «ሾፌሩ አዲስ ነው መሰል» አላት በለሆሳስ። «ልጅ ነው፤ አይዞህ በዪው።»

«እሺ፣ ጋሼ» አልኩት።

ድምፄን አውቆት ፊቱ በራ። ከዚያ ወደ ቀኝ ዞረና፣ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ፣ በመስኮቱ በኩል መንገድ ላይ ይፈልገኝ ጀመር።