አማትህ የጠጣችው ውሃ

እኔ የማስታወስ ችግር የለብኝም። አንተ ጥርስ ያበቀልክበትን ቀን ብቻ ሳይሆን፣ መጀመሪያ የነከስከውን ሰው ስም እነግርሃለሁ። ድሮ ጃጁራ ገበያ የሸጥኳት ዶሮ ዛሬ መንገድ ላይ ብታገኘኝ በስሟ ነው ሰላም የምላት። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ያላት ሴት አንድ ነገር ረሳች ቢሉህ፣ ጥፋቱ የነገሩ ነው።

እኛ አገር እንግዳ ገና ከመቀመጡ ውሃ ይቀርብለታል። ቤተሰብ ደህና ነው፣ ከብቱስ፣ ዝናቡስ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ጥሩ ልማድ ነው። ሰው ግን ሊገድል ይችላል።

እህትህ ምሕረት ከዩኒቨርሲቲ ስትመጣ በጠርሙስ ውስጥ ዓሣ ይዛ መጣች። ለጥናት ነው አለችኝ። ጎቢ ይባላል፤ ባሕር ዳርቻም ወንዝ ውስጥም የሚኖር ዘር ነው። ትንሿ ጣቴን ያክላል፤ ለጎረቤት ሳወራ ግን ክንዴን ነው የማሳየው። ሆዱ ላይ ያሉት ክንፎች ተገጣጥመው እንደ ስኒ ሆነዋል፤ በሱ ድንጋይ ላይ ይለጠፋል። "እማማ፣ ጎርፍ እንኳ አያላቅቀውም" ብላኝ፣ አደራ ሰጥታኝ ዱራሜ ከተማ ጓደኛዋ ጋ ሄደች።

ማክሰኞ ጠርሙሱን ላጥብለት ብዬ ዓሣውን ከነውሃው ሰማያዊው ጆግ ውስጥ ገለበጥኩት። ጠርሙሱን እያሸሁ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ወይዘሮ ታደለች፣ የእጮኛህ እናት! ከሺንሺቾ፣ ሳትደውል፣ ልጇን ከመስጠቷ በፊት ቤታችንን በዓይኗ ልታይ። በድንጋጤ እጄ ላይ የመጣውን ጆግ አንስቼ ቀዳሁላት። ባንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። ሳል አጣደፋት።

"የሆሳዕና ውሃ ወፈር ይላል" አለች።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ጆጉን አየሁ። ዓሣ የለም።

ልጄ፣ ዮናስን ዓሣ ዋጠው፤ ይህችኛዋ ዓሣ ዋጠች፤ ለዚህ የሚሆን ጥቅስ ደግሞ የለም። አንጀቷ ላይ ቢለጠፍስ? ጎርፍ ያላላቀቀውን ማን ያላቅቀዋል? እዚሁ ወንበር ላይ ብትሞትብኝ ሠርግህ ለቅሶ ሊሆን ነው። ብነግራት ደግሞ ልጇን ይዛ እብስ ነው።

ልትነሳ ስትል "ሳትቀምሺ? በፍጹም!" ብዬ ከእንሰት ዱቄት አተካና ሠራሁላት። ቅቤውን ያለ ርኅራኄ ለቀቅኩት፣ ዓሣውን እንዲያንሸራትተው። በላዩ ፌጦ አጠጣኋት። ከዚያ ሆዷ ላይ እጄን ጫንኩና ሰፈሩ እስኪሰማ ጸለይኩ፦ "ጌታ ሆይ፣ እዚህ ቦታ የሌለውን ሁሉ በሰላም አውጣ!"

"አሜን" አለች። እንባዋ ወረደ። የኔ ደግሞ ላብ። ትንፋሿ ትንሽ ቆረጥ ባለ ቁጥር የኔም አብሮ ይቆም ነበር።

መጨረሻ ላይ አቅፋኝ "እናቴ፣ ለሰው እንዲህ የሚሳሱበት ቤት አይቼ አላውቅም። ልጄ የናንተ ናት" ብላ በሚኒባስ ሄደች።

ጆጉን ልደፋ ወደ ብርሃን ሳዘነብለው፣ ዓሣው ከጆጉ አፍ ሥር፣ ከውሃው በላይ፣ በሆዱ ተለጥፎ ያየኛል! የጠጣችው መኖሪያውን ብቻ ነው።

እፎይ ብዬ አልጨረስኩም። ዛሬ ጠዋት ደወለች፦ "ሆዴ ሲጮህ አደረ፤ እውነቱን ንገሪኝ፣ ምን ነበር የሰጠሽኝ?" መስመሩ ተበላሸ ብዬ ዘጋሁት። ነገ በጠዋት መልሳ ትደውላለች፤ እንደዚያች ያለች ሴት አትረሳም። ልናገር ወይስ ልዋጠው? የምታገባው አንተ ነህ። ይህን መልእክቴን ስትሰማ ዛሬ ማታ መልሰህ ደውልልኝና ወስን። ካልደወልክ እኔ እነግራታለሁ፤ አነጋገሬን ደግሞ ታውቀዋለህ።