አውሎ ነፋሱ ያላገኛቸው ተራፊ

አደጋው ሳይደርስባቸው ከአደጋ የሚተርፉ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? በደርግ ዘመን ጅማ ላይ አንድ ገጥሞኛል፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር። አውሎ ነፋስ ሰፈራችንን ባፈረሰ ሰሞን የቴሌቪዥን ሰዎች ስለ ተራፊዎቹ ተከታታይ ፊልም ሊሠሩ መጡ። ሊቀመንበሩ ካሜራው ፊት ቆመው፣ "ከፍርስራሹ ሰው ያወጣሁት በእነዚህ እጆቼ ነው" አሉ።

ግድግዳ ወድቆበት የተረፈው ጎረቤቴ ከድር ክራንቹን ተደግፎ ቀረበ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎ ያን ቀን አጋሮ ስብሰባ ላይ ነበሩ። እኔን ቆፍረው ያወጡኝ አዴ ዘይነባ ናቸው።"

ሊቀመንበር ማረም ያኔ ያሳስር ነበር። ጋዜጠኛው ግን ካሜራውን ከእኛ ጋር ወደ ቆሙት አሮጊት፣ ወደ አዴ ዘይነባ አዞረ።

"እንዴት ቻሉ?"

"ሲጣራ ሰማሁት፤ ቆፈርኩ። አልሃምዱሊላህ።"

ፊልሙ በቀበሌው አዳራሽ ሲታይ ሊቀመንበሩ የተናገሩት ተቆርጦ ወጥቷል። አዴ ዘይነባ ብቅ ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ሊቀመንበሩም ከፊት ወንበር ተነሥተው አብረውን አጨበጨቡ።