በሦስተኛው ልመና

እንግዳ መቀበል የሚባለውን ታላቅ ክርስቲያናዊ ተግባር፣ አንድም እንግዳ ቤታቸው ሳያስገቡ፣ በካናዳዋ ካልጋሪ ከተማ ለፍጹምነት ያበቁት ጋሼ መኳንንት ናቸው። የደብራችን እንግዳ ተቀባይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ከሆኑ ወዲህ፣ ቸስተርሚር ወዳለው ባለ አራት መኝታ ቤታቸው ያልተጋበዘ አዲስ መጪ የለም። ያደረም የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቅዳሴ አልቆ፣ ከፈረንጆች በተከራየነው አዳራሽ ጠበል ጠዲቅ ሲቀመስ፣ ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ቤቴ የአብርሃም ቤት ነው፤ እኛ ጋ እደር!" ይላሉ። እንግዳው፣ ሰው ያሳደገው ከሆነ፣ "አይ ጋሼ፣ አላስቸግርም" ይላል። በሁለተኛው "በሞቴ!" ይባላል፤ "ኧረ አይገባም!" ይመለሳል። በሦስተኛው ልመና ጋሼን እንባ ይቃጣቸዋል፤ እንግዳውም ጉልበት ስሞ ይሰናበታል። ጋባዥ ጽድቁን፣ ተጋባዥ ጨዋነቱን ይዞ ይለያያል። የእንግዳው አልጋ ፍራሽም ከእነላስቲኩ በክብር ይኖራል።

ይህን የመሰለ ሥርዓት ያፈረሰው ባዘዘው የሚባል ልጅ ነው። በጥር ወር አንድ እሑድ፣ ምራቅ መሬት ሳይደርስ በሚረጋበት ብርድ፣ ከዊኒፔግ በአውቶቡስ መጣ። ፉትሂልስ ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሥራ አግኝቷል፤ የተከራየው የቤዝመንት ክፍል ግን የሚለቀቅለት ሐሙስ ነው። እስከዚያ ማደሪያ የለውም።

"እኛ ጋ እደር!" አሉ ጋሼ።

"እሺ" አለ ባዘዘው።

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየው። ጋሼ ግን ልማድ ነውና "በሞቴ!" ብለው ቀጠሉ።

"እሺ አልኩ እኮ ጋሼ። ሻንጣዬ በር ላይ ነው።"

"እኔ ልሙት!"

"ኧረ እርስዎ አይሙቱ፤ እመጣለሁ!"

"ምን ያለው ዓይን አውጣ ነው?" አሉ ባለቤታቸው እትዬ ሽታዬ በሹክሹክታ። "ላስቲኩን ማን ሊያነሣው ነው?"

ኮሚቴው ለአስቸኳይ ሚቲንግ ተቀመጠ። እኔ እንደ ልማዴ ጥግ ይዤ አዳመጥኩ። ስለ አብርሃም ብዙ ጥልቅ ነገር ተነገረ፤ ስለ ድንኳኑ በተለይ። ባዘዘው ኮሪደር ላይ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ዋለ። በመጨረሻም "በአንደኛ ጥሪ የተሰጠ እሺ ከባህላችን ውጪ ስለሆነ ተቀባይነት የለውም" ተባለና ጋሼ ራሳቸው ሊያስረዱት ወጡ።

"ልጄ፣ ቅር እንዳይልህ። ለደንቡ ያህል አንዴ እምቢ በልና እኛ እስከ ሦስቴ እንለምንህ።"

ባዘዘው ታዛዥ ነው። "እሺ፤ እምቢ" አለ።

ጋሼ እፎይ ብለው ወደ ኮሚቴው ዞሩ። "በቃ፣ ካልፈለገ አናስገድደውም። እንግዳ ማስገደድ ኃጢአት ነው!"

ኮሚቴው አሜን አለ፤ ሚቲንጉም በጸሎት ተዘጋ።

እናቶቻችንን ከቤተ ክርስቲያን የሚያመላልሰው ባለታክሲ ሙዓዝ በር ላይ ቆሞ ይህን ሰምቷል። ሙዓዝ ሙስሊም ስለሆነ የአብርሃምን ነገር የሚያውቀው በኢብራሂም በኩል ብቻ ነው፤ ስለ ሦስቱ ልመና የነገረው የለም። ሻንጣውን አነሣና "ና፣ ሜይላንድ ሃይትስ ነው ቤቴ፤ ሶፋ አለ" አለው።

"እሺ" አለ ባዘዘው። አሁንም በአንደኛው! የማይታረም ልጅ።

እኔንም መንገድህ ነው ብለው ከኋላ አስገቡኝ። ልንወጣ ስንል የጋሼ መኪና አልነሣ አለች፤ ሚቲንጉ ረዝሞ ሞተሯ በብርዱ ደርቋል። ሌላው ሰው ሁሉ ሄዷል፤ አዳራሹም ተቆልፏል። ሙዓዝ ታክሲውን ከጋሼና ከእትዬ ሽታዬ አጠገብ አቁሞ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"ጋሼ፣ ግቡ ላድርሳችሁ።"

ጋሼ ሰው ያሳደጋቸው ናቸውና "አይ ልጄ፣ አናስቸግርህም" አሉ። ከዚያ እጃቸውን አጣጥፈው ሁለተኛውን ልመና ጠበቁ።

ባዘዘው ወደ ሙዓዝ ዘንበል ብሎ በፍጹም ትሕትና "እንዳታስገድዳቸው፤ ኃጢአት ነው" አለው።

መስኮቱ ተዘጋ። ታክሲው ተንቀሳቀሰ።

"መኳንንት! እሺ በል እንጂ!" ብለው ጮኹ እትዬ ሽታዬ።

ሊቀ መንበራችን ነጠላቸው ወደ ኋላ እየተውለበለበ በበረዶው ላይ ሮጡ።

"እሺ!"

ታክሲው ሄደ።

"እሺ አልኩ እኮ!"

ታክሲው ሄደ።

"በሞቴ፣ እሺ!"

ባዘዘው ወደ ሙዓዝ ዞሮ "ሦስት ሞላ፤ አሁን ይቻላል" አለው። ታክሲውም ቆመ። ባህላችን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልጠፋም።