ድንጋይ የተሸከመው አክተር

ሰው ጠባዩን ሲያሻሽል ደስ የማይለው የለም እንላለን። ለአፍ ያህል ነው። ትናንት ቁጡ የነበረው ጎረቤታችሁ ዛሬ ሲሰድቡት ዝም ካለ «ምን ነካው? ታሞ ነው?» ትላላችሁ እንጂ «እሰይ» አትሉም። እኔም ብዬ አላውቅም። ሰውን አንድ ጊዜ ካወቅነው እዚያው እንዲቆምልን እንፈልጋለን። ነብር ዝንጉርጉርነቱን አይለውጥም እያልን እንጠቅሳለን፤ ነብሩ ልለውጥ ቢል ግን የምንቆጣው እኛው ነን።

ከደባርቅ ወጣ ብላ ባለችው ቀበሌያችን ሙላው የሚባል ገበሬ ነበር። በወሰን ጠብ የሰው ነፍስ አጥፍቶ፣ እስሩን ጨርሶ የተመለሰ ነው። የመንግሥቱ ፍርድ ቢያልቅም የደሙ ዕርቅ ስለቀረ፣ ሲያርስ እንኳ ከበሬው ይልቅ ኋላውን ያይ ነበር። እኛ ሽማግሌዎች ተመላልሰን፣ ተመላልሰን፣ በመጨረሻ የሟች ወንድም እሺ አለ። የቀረው ሙላው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በሕዝብ ፊት «ማሩኝ» ማለት ብቻ ነው። ብቻ አልኩ፤ የምሸከመው እኔ አይደለሁማ።

በዋዜማው ቅዳሜ ሙላው ገበያ ላይ አገኘኝ።

«አያ ተገኘ፣ ቪዲዮ ቤት እንግባ።»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?»

«ያ ፊልም ክፍል ሁለቱ ወጥቷል። አክተሩ ድንጋይ ይሸከማል አሉ። እሱ ከተሸከመ እኔ ምን አለኝ? አብረውኝ ይዩ።»

ክፍል አንዱን አገር ያውቀዋል። አክተሩ ጠላቶቹን ከገደል ገደል እያሳደደ ሲለቅማቸው፣ የሊማሊሞ ሾፌሮች ሳይቀሩ ምስሉን መኪናቸው ላይ ለጥፈው ነበር። በሁለተኛው ግን ሰውዬው አርጅቷል። ከገደላቸው ሰዎች የአንዱን ልጅ አይቶ እንቅልፍ አጣ፤ ጠመንጃውን አስቀመጠና ድንጋይ አነሣ።

ቪዲዮ ቤቱ በፉጨት ተናወጠ።

«ኧረ ጣለው!»

«ቀሚስ አልብሱት!» አለ የቀበሌያችን ወፍጮ ቤት ልጅ፣ አግዳሚው ላይ ቆሞ። «ይሄማ የእኛ አክተር አይደለም!»

እኔ እንባዬ መጥቶ ነበር፤ አፍሬ ዋጥኩት። ሙላው አንገቱን ደፍቷል።

«ፊልም እኮ ነው» አልኩት።

«ሰዎቹ ግን ፊልም አይደሉም፣ አያ ተገኘ። ነገ ደጁ ላይ የሚቆሙት እነሱ ናቸው።»

እውነቱን ነበር። እሑድ አንድም ሳይቀሩ መጡ። ካህናቱ መስቀል ይዘው፣ እኛ ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን መርጠን ቆምን። የሟች ወንድም ነጭ ለብሶ ከሁሉ ቀድሞ ደርሷል። ሙላው ግን በጠዋቱ አውቶቡስ ሊማሊሞን ወርዶ ቆላ መግባቱን የሰማነው ፀሐይ ካናት ካለፈች በኋላ ነው።

የሟች ወንድም ድንጋዩን ትክ ብሎ አየው። «እኔ እኮ ከአንገቱ ላወርድለት ነበር የመጣሁት» አለ። ከዚያ ማንንም ሳይሰናበት ሄደ። ሁለተኛ ለዕርቅ እንዳትጠሩኝ ብሎ ልኮብናል።

ሕዝቡ ሲበተን የወፍጮ ቤቱ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ይሥቃል።

«ፈሪ! ወንድ ቢሆን መጥቶ ይሸከም ነበር!»

ነገር እንዳይመጣብኝ ድምፄን ቀነስ አድርጌ፣ «ትናንት ድንጋይ የተሸከመውን አክተር፣ ቀሚስ አልብሱት ብለህ አልነበር፣ ልጄ?» አልኩት።

«ያ ፊልም ነዋ፣ አያ ተገኘ» አለኝ እያዘነልኝ። «ይሄ ቁም ነገር ነው።»

ድንጋዩን ሰው እንዳይሰናከልበት ወደ አጥሩ ጥግ ገፋሁትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።