ያለበት የማይታወቅ ሰው

«የት ነህ?» ሲባል እውነቱን ተናግሮ የማያውቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ እስራኤል፣ የሃይፋው ጎረቤቴ ማሩ እንደዚያ ነው። ሚስቱ ሥራ ላይ ነው ትላለች፤ አለቃው ታሞ ተኝቷል ይላል። የስልክ ቁማሩ ግን ያለበትን ቦታ ሳያጣራ አያስገባውምና፣ ለእሱ ብቻ አይዋሽም።

በቀደም እናቱ ጎንደር አረፉ። መርዶ በስልክ አይነገርምና ከሽማግሌው ከአባ ታከለ ጋር ልንነግረው ወጣን። ነሸር ከተማ መሥሪያ ቤቱ ሄድን፣ የለም። ክርያት አታ እህቱ ዘንድ ሄድን፣ የለም። ደክሞን ወደ ሰፈራችን ወደ ኔቬ ዮሴፍ ስንመለስ፣ ከገዛ ሕንፃው ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘነው።

«ማሩ ልጄ» አሉ አባ ታከለ።

ከስልኩ ቀና ሳይል እጁን አነሳ። «ሬጋ አባ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፤ የት እንዳለሁ እያጣራ ነው።»

ምን ይደረግ? መርዷችንን ይዘን ወረፋ ጠበቅን።